ጀርባ ግድግዳ ሲነካ፦ ጥንታዊ ሰፊ ሌንሶች በትልቁ ካሜራ ላይ

ክፍሉ ጠባብ ነው። አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበርና መጻሕፍት የታጨቁበት መደርደሪያ ገብተውበት ለሰው መቆሚያ የተረፈው ጥቂት ነው። ፎቶግራፍ አንሺው ባለ ሦስት እግር መቆሚያውን ጥጉ ላይ ተክሎ ጀርባውን ከግድግዳው አጣብቋል። ከዚህ በላይ ወደ ኋላ መሄድ አይችልም። ካሜራው የእንጨት ነው፤ የሚገባለት ፊልም 8 በ10 ኢንች፣ ማለትም 20 በ25 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከፊቱ የተገጠመው ሌንስ ግን በሁለት ጣት የሚያዝ ትንሽ የናስ ዕቃ ነው። ዙሪያውን የተቀረጸው ጽሑፍ ፕሮታር እንደሚባል፣ የትኩረት ርዝመቱ 14 ሴንቲ ሜትር ገደማ እንደሆነ፣ በአሜሪካዋ የሮቼስተር ከተማ ባውሽ ኤንድ ሎምብ የተባለው ኩባንያ በጀርመኑ ዛይስ ፈቃድ እንደሠራው ይናገራል። ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ዕቃ ነው።

ጥቁሩን ጨርቅ ራሱ ላይ ጥሎ ይጎነበሳል። ከካሜራው ኋላ ባለው ደብዛዛ መስታወት ላይ ክፍሉ ተገልብጦ ይታያል፤ ጣሪያው ከታች፣ ወለሉ ከላይ፣ ግራው በቀኝ። መጀመሪያ የሚታየው መሃሉ ብቻ ነው። ዐይን ጨለማውን እስኪለምድ ደቂቃዎች ያልፋሉ። ከዚያ የመስኮቱ ጠርዝ ብቅ ይላል፣ ቀጥሎ የመደርደሪያው ጎን። አራቱ ጥጎች ግን ጨለማ ናቸው። እነርሱን ለማየት አንገቱን እያጣመመ ከሌንሱ አቅጣጫ ጋር ዐይኑን ማስተካከል አለበት። ሌንሱ ከፊልሙ የራቀው 14 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ ሁለቱን የሚያገናኘው ተጣጣፊ የካሜራው ወናፍ ተጨፍልቆ ተደራርቧል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ባለ እጥፋቱ ጠንካራ ወናፍ እንደ ልብ አያንቀሳቅስም፤ ለስላሳ ከረጢት መሳይ ወናፍ ይተካል።

ፎከሱን በማጉያ መነጽር አረጋግጦ የብርሃን ቀዳዳውን ወደ ኤፍ 45 ያጠብበዋል (የኤፍ ቁጥሩ ሲጨምር ቀዳዳው ይጠብባል)። መስታወቱ ላይ ከዚህ በኋላ የሚታይ ነገር የለም ማለት ይቻላል። የፊልሙን መያዣ ያስገባል፣ መከላከያውን ይስባል። ሌንሱ ሹተር የለውም፤ ስለዚህ የሌንሱን ክዳን በእጁ ያነሳና ሰዓቱን ማየት ይጀምራል። የብርሃን መለኪያው 30 ሰከንድ ብሎት ነበር፤ ነገር ግን ፊልም ደካማ ብርሃን ለረጅም ጊዜ ሲያርፍበት ስሜቱ ይቀንሳል። ኤፍ ፒ 4 ፕላስ የተባለውን የኢልፎርድ ፊልም የሚጠቀም ሰው ያንን 30 ሰከንድ ወደ 1 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ ገደማ ያሳድገዋል። ክዳኑ ተመልሶ ሲከደን አንድ ፎቶ ተነሳ ማለት ነው።

ለመቅረብ የተሠራ መሣሪያ

ሰፊ ሌንስን ሁላችንም በግማሽ እናውቀዋለን። የስልካችን ካሜራ 0.5 የሚል ቁልፍ ካለው፣ ሠርግ ቤት ውስጥ ሰዉ ሁሉ አልገባ ሲል ተጭነነዋል። ድንገት ክፍሉ ይሰፋል፣ ጫፍ ላይ የቆመው የአጎት ልጅ ፊት ደግሞ ወደ ጎን ይለጠጣል። ፎቶ አንሺዎቻችን «ዋይድ» የሚሉት ይኸው ነው። ብዙ ሰው «ዋይድ ብዙ ነገር ያስገባል» ብሎ እዚያው ላይ ያቆማል።

ለእኔ የነገሩ ቁም ነገር ሌላ ነው። ሰፊ ሌንስ ለመቅረብ የተሠራ መሣሪያ ነው። ወደ ኋላ ማፈግፈግ በማይቻልበት ቦታ፣ ጀርባ ግድግዳ በነካበት ሰዓት፣ ነገሩን ሙሉ አድርጎ ማየት የሚያስችለው እርሱ ነው። የላሊበላን ቤተ ጊዮርጊስ ያየ ሰው ይህን ያውቀዋል። ቤተ ክርስቲያኑ ወደ መሬት ተፈልፍሎ ስለወረደ፣ ግቢው ውስጥ የቆመ ሰው ከ12 ሜትር ገደማ ግድግዳ ፊት ለፊት ነው፤ ከኋላው ያለው ደግሞ ሌላ ዐለት ነው። ያን ሕንፃ ከታች በሙሉ ቁመቱ የሚያነሳ ሰው ቀርቦ ከማየት በቀር ምርጫ የለውም።

> ሰፊ ሌንስ ወደ ኋላ ማፈግፈግ በማይቻልበት ቦታ ነገሩን ሙሉ አድርጎ ለማየት የተሠራ ነው።

ጫፍ ላይ ያለው ፊት የሚለጠጠውም ሌንሱ ስለተበላሸ አይደለም። ቀጥ ያለውን መስመር ቀጥ አድርጎ የሚያሳይ ማንኛውም ሌንስ፣ ከመሃል በራቀ መጠን ነገሮችን ወደ ውጭ መሳብ ግዴታው ነው። ከመሃሉ 45 ዲግሪ ላይ ያለች ኳስ በፊልሙ ላይ ክብ አትሆንም፤ ርዝመቷ ከወርዷ 1.4 ጊዜ ያህል ይበልጣል። ይህ የጂኦሜትሪ ሕግ ነው፤ ውድ ሌንስ አያስቀረውም።

እዚህ ላይ ትልቁ ካሜራ ብዙ ሰው ያላስተዋለው አንድ ነገር አለው። 8 በ10 ኢንች ኔጋቲቭ ሳይጎላ፣ ወረቀት ላይ በቀጥታ ተነባብሮ ሲታተም፣ ፎቶውን ሌንሱ ከፊልሙ በራቀበት ልክ ርቀት በአንድ ዐይን ቢያዩት መለጠጡ ይጠፋል። በ14 ሴንቲ ሜትር ሌንስ የተነሳ ፎቶ በ14 ሴንቲ ሜትር ርቀት፤ ሦስት እጥፍ ከጎላ በ42 ሴንቲ ሜትር። የተለጠጠው ወንበር ዐይን ወደ ትክክለኛው ቦታ ሲገባ ወንበር ይሆናል። ስለዚህ በሰፊ ሌንስ የተነሳ ፎቶ ትልቅ ሆኖ ታትሞ፣ ተመልካቹ ደፍሮ ሲጠጋው ነው ክፍሉ የሚከፈትለት። በስልክ ስክሪን ላይ ያው ፎቶ ሁልጊዜ የተዛባ ይመስላል፤ ምክንያቱም ማንም ስልኩን አፍንጫው ላይ አድርጎ አያይም።

ውሃ የተሞላ ኳስ

ሰፊ ሌንስን የመሥራት ትግል ፎቶግራፍ ራሱ ገና ወጣት ሳለ የተጀመረ ነው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) እንግሊዛዊው ቶማስ ሳተን በ1859 ያቀረበው መፍትሔ ዛሬም ያስደንቃል፦ ሁለት ወፍራም የመስታወት ጎድጓዳዎች ተገጥመው በመካከላቸው ውሃ የሚሞላበት ሉላዊ ሌንስ። ወደ 120 ዲግሪ የሚጠጋ አድማስ ያይ ነበር። ችግሩ ምስሉ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ አለማረፉ ነው፤ ስለዚህ የመስታወቱ ኔጋቲቭ ራሱ ጎብጦ መሠራት ነበረበት፤ መያዣውም፣ ማጠቢያ ዕቃውም፣ ማተሚያውም እንዲሁ። ሳተን ከሁለት ዓመት በኋላ ከጄምስ ክለርክ ማክስዌል ጋር የመጀመሪያውን የቀለም ፎቶግራፍ ማሳያ ያዘጋጀው ሰው ነው፤ ሐሳብ የማያልቅበት ነበር። ጎባጣ መስታወት ተሸክሞ መዞር ግን ብዙ ተከታይ አላገኘም።

በዚያው ዘመን ኒው ዮርክ ውስጥ ሃሪሰን የተባለ ሌንስ ሠሪ ሽኒትዘር ከተባለ ሰው ጋር የውጭ ገጾቹ የአንድ ሉል አካል የሆኑ ሌንስ ሠራ። ግሎብ ተባለ፤ ለሕንፃና ለመልክዓ ምድር ተፈለገ። ነገር ግን አንዳንዴ ፎቶው መሃል ላይ ክብ የብርሃን እድፍ ይተው ነበር። በ1865 ጀርመናዊው ኤሚል ቡሽ ፓንቶስኮፕ የተባለውን አወጣና ሰፊ ሌንስ የእውነት የሥራ መሣሪያ እየሆነ መጣ።

ትልቁ ዝላይ የመጣው ግን ከመስታወቱ ነው። በየና ከተማ ኤርንስት አበና ኦቶ ሾት አዲስ ዓይነት የመስታወት ቅይጦች ሲያዘጋጁ፣ የዛይሱ ፓውል ሩዶልፍ በ1890 አሮጌውንና አዲሱን መስታወት አጣምሮ ኋላ ፕሮታር የተባለውን ሌንስ ቀረጸ። ከዚያ በፊት የነበሩት ሌንሶች አንድ ድክመት ነበራቸው፤ ከመሃል ሲርቁ ቋሚ መስመርና አግዳሚ መስመር በአንድ ጊዜ አይጠሩም ነበር። ሩዶልፍ ሁለቱን አስታረቀ። በመጀመሪያው ክፍል ያየነው ትንሽ የናስ ዕቃ የዚህ ቤተሰብ አባል ነው። ሰፊ ቀዳዳ የለውም፤ ሲከፈት እንኳ ኤፍ 18 ነው፤ ሲጠብ ግን ከ100 ዲግሪ በላይ ይሸፍናል።

ሁለት ዓመት ቆይቶ ኤሚል ፎን ሆግ በርሊን ለሚገኘው ለጎርትስ ኩባንያ ዳጎር የሚባለውን ሌንስ ነደፈ። ስድስት ቅጠል መስታወት ሦስት ሦስት ሆነው ተጣብቀው በቀዳዳው ግራና ቀኝ ተቀመጡ። መስታወት በጸረ ነጸብራቅ ቅባት መሸፈን ባልተለመደበት ዘመን፣ አየር የሚነካ እያንዳንዱ የመስታወት ገጽ ከብርሃኑ ከመቶ አራት ወይም አምስት እጁን ይመልስ ነበር። ዳጎር ስድስት ቅጠል ይዞ አየር የሚነካለት ገጽ አራት ብቻ ነው። ጥቁሩን ጥቁር፣ ነጩን ነጭ አድርጎ የሚያወጣው ለዚህ ነው። ዛሬም በጨለማ ክፍል የሚሠሩ ሰዎች ስለ ዳጎር ሲናገሩ ድምፃቸው የሚለሰልሰው ያለ ምክንያት አይደለም።

ጥጉ ለምን ይጨልማል?

ሰፊ ሌንስን የሚጠቀም ሁሉ የሚጋፈጠው አንድ ጠላት አለ፦ የጥጎቹ ጨለማ። ነገሩ ሦስት ምክንያቶች ተደምረው የሚያመጡት ነው። አንደኛ፣ ከሌንሱ እስከ ፊልሙ ጥግ ያለው መንገድ እስከ መሃሉ ካለው ይረዝማል፤ ብርሃን ደግሞ ሲርቅ ይሳሳል። ሁለተኛ፣ ከጥጉ ሆነን ወደ ሌንሱ ብንመለከት ክቡ ቀዳዳ በጎን ስለሚታየን ጠባብ ሞላላ ይሆንብናል፤ የሚያስገባው ብርሃንም በዚያው ልክ ያንሳል። ሦስተኛ፣ ብርሃኑ ፊልሙን በሰያፍ ስለሚመታው ሰፋ ባለ ቦታ ላይ ይበተናል። ሂሳቡን የሚወዱ ይህን የኮሳይን አራተኛ ኃይል ሕግ ይሉታል። በዚያ ባለ 14 ሴንቲ ሜትር ፕሮታር፣ የ8 በ10 ኢንች ፊልም ጥግ የሚደርሰው ብርሃን የመሃሉ አንድ አምስተኛ ያህል ነው።

ይህን ጠላት በድፍረት የገጠመው ደግሞ ያው ፎን ሆግ ነው። በ1900 ያወጣው ሃይፐርጎን ሁለት ስስ ቅጠሎች ብቻ ናቸው፤ አፍ ለአፍ የተገጠሙ ሁለት የቡና ስኒዎች ይመስላሉ። አድማሱ ወደ 135 ዲግሪ ይደርሳል። ባለ 75 ሚሊ ሜትሩ 8 በ10 ኢንች ፊልም ይሸፍናል፤ ዛሬ ሌንስ የሚነድፉ ሰዎች ይህን ሲሰሙ ቀና ብለው ያያሉ። ነገር ግን በዚህ አያያዝ ጥጉ የሚደርሰው ብርሃን ከመሃሉ አንድ ሃያ አምስተኛ እንኳ አይሞላም። ፊልሙ እንዲሁ ከተነሳ መሃሉ ተቃጥሎ ጥጉ ባዶ ይቀራል።

ጎርትስ ያመጣው መላ ከሌንሱ ፊት የሚሽከረከር ትንሽ የብረት ኮከብ ነው። ኮከቡ መሃሉ ወፍራም፣ ጫፎቹ ቀጭን ናቸው። ፎቶ አንሺው የጎማ ኳስ ሲጨምቅ አየሩ በቀጭን ቱቦ ሄዶ ኮከቡን ያሽከረክረዋል፤ ኮከቡም ወደ መሃል የሚሄደውን ብርሃን አብዝቶ፣ ወደ ጥግ የሚሄደውን አሳንሶ ይከለክላል። ፎቶው ከሚነሳበት ጊዜ አብዛኛው በዚህ ሁኔታ ካለፈ በኋላ ኮከቡ ከፊት ዞር ይልና መሃሉ ድርሻውን ያገኛል። አንድ እጅ ኳሱን እየጨመቀ፣ ሌላው ሰዓቱን ይዞ፣ ዐይን ኮከቡ መዞሩን እየተከታተለ። ሃይፐርጎን ሌላም ጉድለት አለው፦ ቅጠሎቹ ነጠላ ስለሆኑ የተለያዩ ቀለሞችን በአንድ ቦታ አያሳርፍም፤ ስለዚህ ቀዳዳውን በደንብ ማጥበብ ግድ ይላል። ከእነዚህ ጉድለቶች ሁሉ ጋርም፣ በአንድ ጠባብ አደባባይ ከሕንፃው እግር ሥር ቆሞ ሙሉውን ሕንፃ ያለ ጉብጠት ማንሳት የቻለ ሌላ ሌንስ በዘመኑ አልነበረም።

> ጎርትስ ያመጣው መላ ከሌንሱ ፊት የሚሽከረከር ትንሽ የብረት ኮከብ ነው።

ከኮከቡ በኋላ የመጣው መፍትሔ መሃሉ ጠቆር ያለ ማጣሪያ ነው፤ ዛሬም ይሠራበታል። የእኔ አስተያየት ግን ሁልጊዜ መጠቀም አያስፈልግም የሚል ነው። በአንድ ክፍል ውስጥ ብርሃን ከመስኮት ገብቶ ወደ ጥጉ እየሞተ ሲሄድ፣ የሌንሱ ጥላ ከክፍሉ ጥላ ጋር ይስማማል። ክፍት ሰማይና የኖራ ቅብ ግድግዳ ሲሆን ግን ጨለማው ወዲያውኑ ያስታውቃል፤ ያኔ ማጣሪያው ቦታውን ያገኛል።

የፖሊስ ካሜራ በአርቲስት እጅ

ሰፊ ሌንስ በመጀመሪያ የተፈለገው ለሥራ እንጂ ለውበት አልነበረም። ፓሪስ ውስጥ አልፎንስ በርቲዮን የወንጀል ቦታን በካሜራ የመመዝገብ ሥርዓት ሲዘረጋ፣ ካሜራው ከረጅም ባለ ሦስት እግር መቆሚያ ላይ ሆኖ ወደ ታች ያይ ነበር። መርማሪው የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፦ ክፍሉ ውስጥ ምንም እንዳይቀር። በአሜሪካ ትልልቅ ሆቴሎችም በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የግብዣ ካሜራ በሚባል ይነሳ ነበር፤ ፊልሙ 12 በ20 ኢንች ሆኖ በአንድ ፎቶ አዳራሽ ሙሉ እራት ተጋባዥን ይይዛል።

ከእነዚህ የሥራ ካሜራዎች አንዱ ፎቶግራፍ አንሺው ቢል ብራንት እጅ ገባ። ሃምቡርግ በ1904 ተወልዶ በለንደን የኖረው ብራንት፣ የከተማይቱን ድሆችና ባለጸጎች፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም በምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያዎች ተጠልለው ያደሩትን ሰዎች በማንሳት ታውቆ ነበር። በ1941 የወጣው የኦርሰን ዌልስ «ሲቲዝን ኬን» ፊልም ግን አሳብ ውስጥ ከተተው። ክፍሎቹ ከነጣሪያቸው ይታያሉ፤ ቅርቡም ሩቁም እኩል ይጠራል። ብራንት እንዲህ የሚያይ ካሜራ ፈለገና ጦርነቱ ወደ ማብቂያው ሲቃረብ ለንደን ኮቨንት ጋርደን አካባቢ ካለ የአሮጌ ዕቃ ሱቅ አገኘው፦ እንግሊዝ ፖሊስ ዘንድ የወንጀል ቦታ ለመመዝገብ ያገለግል የነበረ የኮዳክ የእንጨት ካሜራ። ሹተር የለውም። ሌንሱ እጅግ ሰፊ፣ ቀዳዳው እጅግ ጠባብ፣ ፎከሱ የማይነካ። መስታወቱ ላይ ምስሉ ከመደብዘዙ የተነሳ ምን እየተነሳ እንደሆነ በደንብ አይታይም።

ሌላ ሰው ቢሆን መልሶ ይሸጠው ነበር። ብራንት ግን ካሜራውን ከመምራት ይልቅ ካሜራው የሚያሳየውን መቀበል ጀመረ። ለንደን ውስጥ ባሉ ባዶ ቤቶች ሴቶችን ራቁታቸውን በመስኮት አጠገብ፣ በበር ሥር፣ በወለል ላይ አስቀምጦ አነሳ። ከሌንሱ አጠገብ ያለ ክንድ ምሰሶ ያክላል፤ አንድ ሁለት እርምጃ የራቀች ራስ ታንሳለች፤ ክፍሉ ከኋላ ጥልቅ ሆኖ ይሸሻል። ኋላም በኖርማንዲና በእንግሊዝ ደቡብ ጠረፍ ጠጠራማ ዳርቻዎች ላይ ሥራውን በሌላ ካሜራ ቀጠለ። በ1961 «ፐርስፔክቲቭ ኦቭ ኑድስ» በሚል መጽሐፍ ሲወጣ፣ ጆሮና ጉልበት ከድንጋይና ከባሕር ጋር እኩል መልክዓ ምድር ሆነው ታዩ።

የዚህ ታሪክ ክብደት እዚህ ላይ ነው። ያንን ካሜራ የሠሩት ሰዎች ሁሉንም ነገር ማስገባት ፈልገው ነበር። ብራንት ደግሞ ሌንሱን ወስዶ ከሰው ሰውነት አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት አስጠጋው። መሣሪያው ያው ነው፤ መቅረብን የተረዳው ሰው ግን ሌላ ነገር አወጣበት።

ከአየር ላይ የመጣ ትምህርት

ከ1930ዎቹ ጀምሮ ሰፊ ሌንስን ያሳደገው የአየር ፎቶግራፍ ነው። ካርታ የሚሠራ ሰው በአንድ በረራ ሰፊ መሬት መያዝ፣ መስመሩም እንዳይጎብጥ ይፈልጋል። የዛይሱ ሮበርት ሪሽተር የሃይፐርጎንን ሐሳብ ወስዶ ሌሎች ቅጠሎች ጨመረበትና ቶፖጎን ተወለደ። አሜሪካ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሜትሮጎን ብላ በብዛት ያመረተችው የዚሁ ዘር ነው። ከጦርነቱ በኋላ ብዙ ሜትሮጎን በትርፍ ዕቃነት ተሸጦ እንጨት ካሜራ ላይ ገባ፤ ዛሬም ይገኛል።

ቁልፉን የፈታው ግን ሌኒንግራድ የነበረው ሚኻይል ሩሲኖቭ ነው። ከፊትና ከኋላ ትልልቅ ጎባጣ ቅጠሎች በማድረግ፣ ቀዳዳው ከጎን ሲታይ እንዳይጠብ፣ እንዲያውም የሰፋ እንዲመስል አደረገ። ጥጉ ላይ የሚደርሰው ብርሃን ጨመረ። ኋላ የመጡት ዘመናዊ የትልቅ ካሜራ ሰፊ ሌንሶች፣ የሽናይደር ኩባንያን ሱፐር አንጉሎን ጨምሮ፣ በዚህ መንገድ የሄዱ ናቸው። ዋጋው ክብደት ነው። የዚያው ኩባንያ አሮጌ ሌንስ የሆነው ባለ 90 ሚሊ ሜትር አንጉሎን ከፊቱ የሚገባለት ማጣሪያ 40.5 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ኤፍ 5.6 የሆነው ሱፐር አንጉሎን 82 ሚሊ ሜትር ይፈልጋል።

ማን ምን ይላል?

ኑሯቸው ሕንፃ ማንሳት የሆነ ባለሙያዎች ለአሮጌዎቹ ሌንሶች ብዙ ትዕግሥት የላቸውም። ሕንፃ ሲነሳ ካሜራው ወደ ላይ ከተዘነበለ ግድግዳዎቹ ወደ ላይ እየተቀራረቡ ይወድቃሉ፤ ስለዚህ ካሜራው ቀጥ ብሎ ሌንሱ ብቻ ወደ ላይ ይገፋል። ለዚህ ደግሞ ሌንሱ የሚጥለው የምስል ክብ ከፊልሙ በብዙ መብለጥ አለበት። አንጉሎን 4 በ5 ኢንችን ለጥቂት ነው የሚሸፍነው፤ ለመግፋት ቦታ የለውም። ባለሙያዎቹ ትክክል ናቸው፤ ደንበኛ የሚጠብቅበት ሥራ ከሆነ እኔም ዘመናዊውን እመርጣለሁ።

ተራራ ለተራራ ተጉዘው መልክዓ ምድር የሚያነሱት ግን ያንኑ አንጉሎን ኪሳቸው ውስጥ ከተው ይሄዳሉ። አቀበት ላይ እያንዳንዱ ግራም ይቆጠራል። በዲጂታል ጀምረው ወደ ፊልም የመጡ ወጣቶች ደግሞ በ3ዲ ማተሚያ ወናፍ የሌለው ቀላል ካሜራ እያተሙ አንድ አሮጌ ሰፊ ሌንስ ይገጥሙበታል፤ ካሜራው የሌንሱ ቤት ብቻ ይሆናል። ሌንስ የሚጠግኑ ሰዎች የሚያዝኑት በሌላ ነው፤ መስታወቱ ጥሩ ሆኖ ሳለ በእርጥበት ያለቀ ዕቃ በየጊዜው እጃቸው ይገባል። ሰብሳቢዎች ሃይፐርጎን ከነኮከቡ ሲያገኙ መስታወት ሳጥን ውስጥ ያኖሩታል። ዕቃውን ከጥፋት ስላተረፉ ምስጋና ይገባቸዋል፤ ነገር ግን ሌንስ ፎቶ ካልተነሳበት ሙያው ከሰሪዎቹ ጋር ይቀበራል። ኮከቡን እንዴት እንደሚያዞሩት በእጁ የሚያውቅ ሰው መኖር አለበት።

ሁሉም የሚስማሙበት አንድ ነጥብ አለ። አሮጌ ሌንስ በትንሽ ካሜራ ላይ የሚያሳፍረውን ጉድለት ትልቁ ፊልም ይሸፍንለታል። ቀዳዳው እስከ ኤፍ 45 ሲጠብ ብርሃን ራሱ ስለሚበተን እያንዳንዱ ነጥብ 0.06 ሚሊ ሜትር ገደማ ወደሚሆን ክብ ይሰፋል። በስልክ ካሜራ ላይ ይህ ምስሉን ሙሉ በሙሉ ያጠፋዋል። 8 በ10 ኢንች ኔጋቲቭ ሳይጎላ ሲታተም ግን ዐይን አይለየውም።

> አሮጌ ሌንስ በትንሽ ካሜራ ላይ የሚያሳፍረውን ጉድለት ትልቁ ፊልም ይሸፍንለታል።

ለመግዛት ላሰበ

መጀመሪያ የእጅ ባትሪ በሌንሱ ውስጥ አብርተው ይመልከቱ። ጥቂት ጭረት አያሳስብም፤ ጉም መሳይ ነገርና እንደ ክር የተሰራጨ ሻጋታ ግን ያሳስባል። ቅጠሎቹ የተጣበቁት ካናዳ ባልሳም በሚባል የዛፍ ሙጫ ስለሆነ፣ ሙጫው ሲለቅ ጠርዙ ላይ ነጣ ያለ ወይም የቀስተ ደመና ቀለም ያለው ቀለበት ይታያል። ጠርዝ ላይ ትንሽ ከሆነ ቀዳዳው ሲጠብ ላይጎዳ ይችላል፤ ወደ መሃል ከገባ ይተዉት።

ሌንሱ ካሜራው ላይ የሚታሰርበት የናስ ቀለበት አብሮ መኖሩን ይጠይቁ። በዚያ ዘመን የጥርሱ ልክ ከኩባንያ ኩባንያ ስለሚለያይ ቀለበቱ ከሌለ በቶርኖ ማሠራት ነው። ቀዳዳው ላይ የተጻፉትን ቁጥሮችም ሳይመረምሩ አይመኑ፤ አንዳንድ አሮጌ ሌንሶች ዩ ኤስ በሚባል ሌላ መለኪያ የተቆጠሩ ናቸው። በዚያ አቆጣጠር 4 ማለት ኤፍ 8፣ 16 ማለት ኤፍ 16፣ 32 ማለት ደግሞ ኤፍ 22 ነው። ይህን ያላወቀ ሰው የፊልሙን ጥፋት በሌንሱ ላይ ይጥላል።

ሲያነሱ ፎከሱን መጨረሻ ላይ በሚያነሱበት ቀዳዳ ያረጋግጡ፤ ዳጎር በተለይ ቀዳዳው ሲጠብ የፎከሱ ቦታ ይንቀሳቀሳል። የካሜራው ደብዛዛ መስታወት ጥጎቹ የተቆረጡ ከሆኑ በአንዱ ጥግ አሻግረው ወደ ሌንሱ ይዩ፤ ቀዳዳው ሙሉ ሆኖ ከታየ ሌንሱ ጥጉን ይሸፍናል፣ የተቆረጠ ከመሰለ የሌንሱ ቀፎ ብርሃኑን እየከለከለ ነው፤ ቀዳዳውን ጠበብ ያድርጉት። ቅባት ያልነካው መስታወት ስለሆነ ፀሐይ በቀጥታ እንዳታርፍበት በጥቁር ካርቶን ይከልሉ፤ ካርቶኑ ግን ፎቶው ውስጥ ለመግባት ቅርብ ነው። ሹተር ባይኖረውም አይጨነቁ። እንዲህ በጠበበ ቀዳዳ ቤት ውስጥ ሲነሳ ጊዜው በሰከንዶችና በደቂቃዎች ስለሚቆጠር ክዳኑ ይበቃል።

እኛም አገር ትልቁ ካሜራ እንግዳ አይደለም። ከአፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ ለቤተ መንግሥት ያነሱት የቦያጅያን ቤተሰብ አባላት ሥራቸውን የሠሩት በመስታወት ኔጋቲቭና በትልቅ ካሜራ ነው። ከእነርሱም ወዲህ በየከተማው ጥቁር ጨርቅ ያለው የእንጨት ካሜራ የተከሉ ፎቶ ቤቶች ነበሩ። የእነዚያ ቤቶች ወራሾች የሆናችሁ፣ ወይም በቤተሰብ ሣጥን ውስጥ አሮጌ የናስ ሌንስ ያላችሁ፣ ለብረታ ብረት ገዢ በኪሎ ከመሸጣችሁ በፊት ቀለበቱ ላይ የተጻፈውን አንብቡ፤ ከካሜራው፣ ከፊልም መያዣውና ከኔጋቲቮቹ ሳትነጥሉ በደረቅ ቦታ አስቀምጡት፤ ፊልም የሚያጥብ አንድ ወጣት ከተገኘም አውሱት።